አታካና የተማርኩበት ቤት

አታካናን የማያውቅ አንባቢ ካለ ላስተዋውቀው። ከእንሰት የሚወጣው ነጩ ቡላ በቅቤና በወተት ተማስሎ፣ ተማስሎ፣ ክንድ እስኪዝል ድረስ ተማስሎ የሚሠራ የሀዲያ የክብር ምግብ ነው። ለሙሽራ ይሠራል፣ ለአራስ ይሠራል፣ ለመስቀል ይሠራል፣ ደጅ ድረስ ወጥተው ለሚቀበሉት እንግዳ ይሠራል። እኔ የተማርኩት ሆሳዕና ላይ፣ ላገባው ከነበረው ሰው እናት እጅ ነው። በደንብ ነው የተማርኩት፣ አስተማሪዬም ጎበዝ ነበሩ። ከዚያ ቤት የቀረኝ ግን ይኸው ሙያ ብቻ ነው።

ያኔ ማን እንደነበርኩ በአጭሩ ልንገራችሁ። ስሜ ሰላም ይባላል። አዲስ አበባ ውስጥ አንድ የባህል ምግብ ቤት ወጥ እሠራ ነበር፣ አሁንም እሠራለሁ። አፌ ፈጣን ነው። አባቴ ሹፌር ነው፣ ሲቀልድብኝ «አንቺን ያገባ ሰው ሬዲዮ አይገዛም» ይላል። እናቴ ታደለች ልጅ ሳለሁ ነው የሞተችብኝ። ሀደሮ አካባቢ፣ ከምባታ ውስጥ እንደተወለደች አውቃለሁ። ከእሷ በኩል ዘመድ የሚባል ሰው ቤታችን መጥቶ አያውቅም፣ እኛም ሄደን አናውቅም። ለምን ብዬ ጠይቄም አላውቅም፣ ሰው የሌለውን ነገር ሁልጊዜ አይፈልግማ።

ታምራት የምግብ ቤታችን ደንበኛ ነበር። ሆሳዕና ተወልዶ ያደገ፣ አዲስ አበባ ቢሮ የሚሠራ፣ ዝምተኛና ንጹሕ ሰው። ምሳውን በልቶ ሲጨርስ ወደ ወጥ ቤቱ በር መጥቶ «እጅሽ ይባረክ» ሳይለኝ አይሄድም። እጅሽ ይባረክ እያለ እጄን ጠየቀ። ሽማግሌ ወደ አባቴ ከመላኩ በፊት ግን የእናቱ ቃል መጣ። «የመጀመሪያ ልጄን የምታገባ ሴት አታካና በእጇ ሠርታ ለጎረቤቶቼ ማቅረብ አለባት። መጥታ ትማር፣ እኔ አስተምራታለሁ» ብለዋል። ታምራት ከቢሮው ፈቃድ አላገኘም። እኔ ሐሙስ እንድሄድ፣ እሱ ቅዳሜ ከሰዓት እንዲደርስ ተስማማን። ለእኔ ጉዞው ፈተና ነበር። ከእናቱ ቤት ልጅ ተብዬ ከወጣሁ ሠርጉ አለ፣ ካልሆነ የለም። ይህን ሁለታችንም እናውቅ ነበር።

ሆሳዕና መናኸሪያ ስደርስ ይዘንባል። የታምራት እናት ወይዘሮ ዘነበች ጥቁር ጃንጥላ ይዘው ቆመዋል። ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው፣ ባላቸው ሞተዋል፣ ልጆቻቸው ሁሉ ለሥራና ለትምህርት ከቤት ወጥተዋል። ከላይ እስከ ታች ካዩኝ በኋላ፣

«አንቺ ነሽ ልጄን ያወፈርሽው?» አሉ።

«እሱ ራሱ ነው እትዬ። እኔ ማቅረብ ብቻ ነው ሥራዬ።»

«እትዬ አትበይኝ፣ አማ በይኝ» አሉና ጃንጥላውን ወደ እኔ አዘነበሉት። አማ በሀዲይኛ እናት ማለት ነው። እኔ ደግሞ እናት ብዬ ሰው ከጠራሁ ዘመን አልፏል። ባጃጅ ውስጥ ገብተን እስክንቀመጥ ድረስ እንባዬን ለመዋጥ ታግያለሁ።

ዓርብ ጠዋት ትምህርቱ ተጀመረ። ወጥ ቤታቸው ከዋናው ቤት በስተጀርባ፣ እንሰቱ ሥር ነው። መጀመሪያ የጠዋት ጸሎት፣ ከዚያ ቁርስ፣ ከዚያ ሥራ። አስተማሪ አስተማሪ ነው፣ ቾክ ባይዙም ነገሩ ያው ነው። ቡላውን በእጄ ፈርፍሬ አንድም ጓል እንዳላስቀር አደረጉኝ። ቅቤው በኮረሪማ መንጠሩን በአፍንጫዬ እንጂ በዓይኔ እንዳልለይ ነገሩኝ። ከዚያ ማማሰያውን አስያዙኝና ከኋላዬ ቆመው እጃቸውን በእጄ ላይ ጭነው አብረውኝ ያማስሉ ጀመር።

«ቡላ እንደ አማት ነው» አሉኝ ጆሮዬ ሥር እየሳቁ። «ካስቸኮልሽው ይጓጉላል።»

«እሺ ካላስቸኮልኩትስ?»

«ቅቤውን ይጠጣል። ይጠጣል፣ ይጠጣል፣ ከዚያ ሲጠግብ ራሱ መልሶ ያወጣዋል። ቅቤው ከዳር ዳር ማንቆርቆር ሲጀምር ያኔ ወተት ትጨምሪያለሽ። ከዚያ በፊት ከጨመርሽ ለጎረቤት ሳይሆን ለውሻ ነው የሠራሽው።»

ያን ዕለት የሠራሁት መሬት ላይ የፈሰሰ ሙጫ ይመስል ነበር። አማ ግን በማንኪያ ቆንጥረው ቀመሱ፣ እኔንም በእጃቸው አጎረሱኝ። «ይህን ታምራት ቢበላ ኖሮ ወደ አዲስ አበባ በእግሩ ይመለስ ነበር» ብለው አሳቁኝ። ክንዴን እያሹ «የከተማ ክንድ» አሉ። ደስ ብሎኝ ነበር። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከዚያ በኋላም ሆነ ከዚያ በፊት እንደዚያ ጠዋት ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ችግሩ የሸክላ ድስቱ ነው። አሮጌው ከታቹ ተሰንጥቆ ቅቤ ያፈሳል። የቅዳሜው አታካና ደግሞ የብዙ ሰው ቅቤ አለበት። በአገሩ ሴቶች ዊጆ የሚሉት ማኅበር አላቸው፣ በየተራ ለአንዷ ቅቤ ያዋጣሉ። የአማ ተራ ደርሶ ስለነበር የጎረቤት ሴቶች ሁሉ ቅቤያቸውን ለእኔ አታካና አምጥተዋል። ይህን ቅቤ በተሰነጠቀ ድስት ማፍሰስ ነውር ነው። ስለዚህ ከሰዓት ላይ አዲስ ድስት ልንገዛ ገበያ ወጣን። ከአጥር ማዶ ያሉት ጎረቤታቸው ወይዘሮ አስናቀችም፣ የዊጆው ሰብሳቢ፣ አብረውን ወጡ።

ሸክላ ሻጮቹ ከገበያው ጥግ ላይ ለብቻቸው ተደርድረው ተቀምጠዋል። ለብቻቸው መሆኑን ያኔ ልብ አላልኩም፣ በርበሬም ሽንኩርትም የየራሱ ተራ አለው። አማ ከሩቅ ቆመው አንዱን ድስት ጠቆሙ። እኔ ግን ሥራዬ አይደል፣ ቁጭ ብዬ ድስቱን ገለበጥኩት፣ በጣቴ አንኳኳሁት፣ ከዚያ ታቹን በምላሴ ጫፍ ነካ አደረግሁት። ምላስ ላይ ከተጣበቀ እሳት በደንብ አላገኘም ማለት ነው። መለስኩትና ሌላ አነሳሁ። እሱንም ቀመስኩ። ሦስተኛውን ወሰድኩት።

ወይዘሮ አስናቀች ሳቁ። «ይህን ደግሞ አዲስ አበባ ያስተምራሉ?»

«እናቴ ናት ያስተማረችኝ» አልኩ ድስቱን አቅፌ እየተነሳሁ። «አያቴ ሸክላ ሠሪ ነበረች፣ ሀደሮ አካባቢ። እናቴ ራሷ ጭቃ ስትረግጥ ነው ያደገችው።»

በኩራት ነበር ያልኩት። ከእናቴ የቀረኝ ወሬ ያቺው ነበረችና የማወራበት አጋጣሚ ሲገኝ አላልፈውም። ሻጯ ሴትዮ ቀና ብላ አየችኝ። ዓይኗ ውስጥ ምን እንዳለ ዛሬ ነው የገባኝ፣ ያኔ ግን ብዙ መርጬ ያበሳጨኋት መሰለኝ። አንገቷን ቀስ አድርጋ ነቀነቀችና ወደ ሸክላዋ ጎንበስ አለች።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል። እኔ ግን ወለም ማለቴን እንኳ አላወቅኩም።

ስንመለስ ወይዘሮ አስናቀች ከመንገዱ ማዶ ሄዱ። ሲሄዱ በግራዬ ነበሩ፣ ሲመለሱ ጭቃውን ተሻግረው በወዲያኛው ዳር። አማ መሐል ቀርተው አንገታቸውን ደፍተው ይራመዳሉ። እኔ ብቻዬን አወራለሁ፣ ስለ ድስቱ፣ በምን እንደማሟሸው፣ ውሃ ተሞልቶ ቀስ ብሎ መሞቅ እንዳለበት። ወይዘሮ አስናቀች በራቸው ላይ ሲደርሱ ሰላም ሳይሉ ገቡ።

«ምን ሆነው ነው?» አልኩ።

«ራሷን አሟት ነው» አሉ አማ።

ከዚያ በኋላ በቤቱ ውስጥ የሆነ ነገር ተዘጋ። አማ ክፍላቸው ገብተው ስልክ ያወራሉ። ሀዲይኛ አልሰማም፣ «ሀደሮ» የሚለው ስም ብቻ ጆሮዬ ገባ። ማታ ራት ሲቀርብ ለእኔ በላስቲክ ሳህን ለብቻ መጣ።

«እርስዎስ?»

«ጠግቤአለሁ ልጄ። አንቺ ብዪ።»

ውሃ የጠጣሁበትን ብርጭቆ ላጥብ ስነሳ «ተይው፣ እዚያው ይሁን፣ ያንቺ ነው» አሉኝ። አክብሮት መስሎኝ አመሰገንኩ። ቂል ነኝ አይደል። ግን ማን ያስተማረኝ ነገር ነው? ታምራት ዘንድ ደወልኩ።

«እናትህ ተቀይመውኛል መሰለኝ።»

«ሰላምዬ፣ ስለ አያትሽ ለምንድን ነው ያወራሽው?» አለኝ።

«ስለ አያቴ ምን አወራሁ?»

«ነገ እመጣለሁ። ስመጣ እናወራለን» ብሎ ዘጋው።

ቅዳሜ ጠዋት ሥራዬን ጀመርኩ። ድስቱን አሟሽቻለሁ፣ ቅቤውን አንጥሬያለሁ፣ ቡላው ዱቄት ሆኗል። አማ የወጥ ቤቱ በር ላይ በርጩማ አኑረው ተቀመጡ እንጂ ወደ ውስጥ አልገቡም። ትናንት እጃቸውን በእጄ ላይ ጭነው ያማሰሉት ሴት ዛሬ ከደጅ ሆነው «ወተቱን አሁን» ይሉኛል። ድምፃቸው ግን የትናንቱ ነው፣ ልስልስ ያለ። ያ ነው ግራ ያጋባኝ። የጠላኝ ሰው እንዲያ አይናገርም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

አታካናው ቅቤውን ጠጣ፣ ጠገበ፣ መልሶ አወጣ። ከዳር እስከ ዳር አበራ። በሥራ ዘመኔ እንደዚያ የተሳካልኝ ምግብ የለም፣ ይህን ለመናገር አላፍርም። አማ ከበሩ አንገታቸውን አስግገው አዩትና ዓይናቸው እንባ ሞላ።

«በጣም ጥሩ ነው» አሉ። «እናቴ የሠራችው ነው የሚመስለው።»

የዊጆው ሴቶች ከምሳ በኋላ መጡ። ሳሎኑን ሞሉት፣ ዘመሩ፣ ወይዘሮ አስናቀች ረጅም ጸሎት ጸለዩ። ለቤቱ ጸለዩ፣ ለታምራት ጸለዩ፣ ለአገሩ ሰላም ጸለዩ። የእኔ ስም አልተጠራም። አሜን ሲባል ድስቱን በሁለት እጄ ይዤ ገባሁ፣ ማንኪያዎቹን አስከትዬ። መሐላቸው አስቀምጬ እንደ ሙሽራ ጎንበስ ብዬ «እንኳን ደህና መጣችሁ፣ ብሉልኝ» አልኩ።

ማንም እጁን አላነሳም።

«ጌታ ይባርክሽ ልጄ» አሉ ወይዘሮ አስናቀች። «እኛ ጾም ጸሎት ይዘናል።»

«አዎ፣ ጾም ጸሎት ነው» አሉ ሌሎቹ ተራ በተራ። ከአንደኛዋ ከንፈር ላይ ገና ያልተጠረገ የቆሎ ገለባ አለ። እሷም «ጾም ነን» አለችኝ። ዓይኔን ወደ አማ መለስኩ። አማ የነጠላቸውን ጥለት ይፈትላሉ፣ ቀና አላሉም። ሴቶቹ ትንሽ ተቀመጡ፣ ስለ ዝናቡ ትንሽ አወሩ፣ ከዚያ አንድ በአንድ «ቤቱ ይባረክ» እያሉ ወጡ። በድስቱ ውስጥ ያለው ቅቤ የራሳቸው ነበር። የራሳቸው ላም፣ የራሳቸው ቅል። እኔ ስለነካሁት አልበሉትም።

ይህን ግን ያኔ አላወቅኩም። ምግቡን አበላሽቼው መሰለኝና ወጥ ቤት መልሼ ቆሜ ቀመስኩ። አልተበላሸም። ድጋሚ ቀመስኩ። ከዚያ ወደ ሳሎን ተመልሼ አማ ፊት ተንበረከክሁ።

«አማ፣ ምን አጠፋሁ? ይንገሩኝ፣ ላስተካክለው።»

«አንቺ ያጠፋሽው የለም።»

«ታዲያ ለምንድን ነው ያልበሉልኝ?»

ወይዘሮ ዘነበች ፊታቸውን ከእኔ መለሱ። ሲናገሩ ወደ መስኮቱ እያዩ ነው።

«እዚህ አገር ሸክላ ሠሪ ለብቻው ነው። ከድሮ ነው። የሠሩትን ድስት እንገዛለን፣ የሠሩትን ምግብ ግን አንበላም። በእነሱ ዕቃ አንጠጣም። ልጅ አንሰጥም፣ ልጅ አንቀበልም። የሚባሉበት ስም አላቸው።» ስሙን ነገሩኝ። ቃሉን እዚህ አልጽፈውም፣ የሚያውቀው ያውቀዋል።

«እርስዎ አስተማሪ ነዎት» አልኳቸው። ሌላ ቃል አልመጣልኝም።

«አስተማሪ ነኝ። ልጆቻቸውን አስተምሬያለሁ፣ አንዱንም ለይቼ አላየሁም። ቤተ ክርስቲያን አንድ ወንበር ላይ አብረን እንቀመጣለን። በክርስቶስ አንድ ነን ብዬ አምናለሁ፣ ከልቤ ነው የማምነው። ግን» ብለው ጉሮሯቸውን ያዙ፣ «ትናንት ማታ ለብቻዬ ልቀምሰው ሞከርኩ፣ ያን ጠዋት የሠራሽውን። አልወርድ አለኝ ልጄ። ጉሮሮዬ እምቢ አለኝ።»

ያን አታካና ዓርብ ጠዋት በልተውት ነበር። ያው ምግብ ነው፣ የዚያኑ ዕለት ማታ አልወርድ ያላቸው።

«ምነው ለእኔ ለብቻዬ ብትነግሪኝ ኖሮ» አሉ ቀጥለው። «ይዤው እሞት ነበር። አስናቀች ፊት ተናገርሽው። አሁን ከተማው ሁሉ ያውቃል። ሴት ልጆቼን ማን ያገባልኛል?»

አልጮህኩም። መጮህ ነበረብኝ፣ ግን ልቤ አንድ ነገር ይዟል። ታምራት ይመጣል። እሱ የተማረ ነው፣ እሱ የእኔን ምግብ ስንት ዘመን በልቷል፣ እሱ አንድ ማንኪያ ካነሳ ይህ ሁሉ የአሮጊቶች ወሬ ሆኖ ይቀራል። በዚያች ማንኪያ ላይ ሕይወቴን ሁሉ አስቀመጥኩ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ደረሰ። ቦርሳውን ሳያስቀምጥ እናቱን ሳመ፣ እኔንም ሳመኝ፣ ጉንጬን ግን አልነካውም፣ አየር ነው የሳመው። ወጥ ቤት ገብቼ አታካናውን አሞቅኩት፣ በሳህን ቆርሼ አመጣሁለት። አማ ፊት ለፊቱ ተቀምጠዋል። በሩ ክፍት ነው፣ ወይዘሮ አስናቀች ከአጥራቸው ማዶ ልብስ ያሰጣሉ፣ ምንም የሚሰጣ ልብስ ሳይኖር።

«ብላ» አልኩት።

ማንኪያውን አነሳ። አታካናውን ቆረሰ። እጁ ከሳህኑ ከፍ አለና ቆመ። እናቱን አየ። እሳቸው ምንም አላሉም፣ ምንም ምልክት አላሳዩም፣ ለዚህ እመሰክርላቸዋለሁ። ወደ በሩ አየ። ከዚያ ማንኪያውን መልሶ አስቀመጠው።

«ቡታጅራ ላይ ምሳ በላን» አለ። «ሆዴ ሞልቷል።»

«አንድ ጉርሻ ታምራት።»

«ሰላም፣ አታስጨንቂኝ። አዲስ አበባ ስንመለስ እበላልሻለሁ። እዚያ ማን ያየናል?»

እዚያ ማን ያየናል። ያኔ ነው ነገሩ ያለቀው። እምቢ ቢለኝ፣ ጉሮሮዬ አልወርድ አለኝ ቢለኝ፣ እንደ እናቱ ቢያለቅስ፣ ምናልባት እኔም አብሬው አለቅስ ነበር። እሱ ግን ይበላል። ተደብቆ ይበላል። ከእኔ ጋር ተደብቆ ሊኖር ነው ያሰበው፣ እንደ እናቴ ዘመድ አልባ አድርጎ ሊያኖረኝ ነው።

ሳህኑን አነሳሁ። «ነገ ጠዋት እሄዳለሁ» አልኳቸው ለሁለቱም። ማንም አትሂጂ አላለኝም።

እሑድ ጠዋት ሻንጣዬን ይዤ ስወጣ አማ በሩ ላይ ቆመው ነበር።

«ድስቱን ከነአታካናው ልውሰደው?» አልኳቸው።

«ውሰጂው» አሉ። ቶሎ ነው ያሉት። በጣም ቶሎ። ከዚያ ራሳቸው ደንግጠው አፋቸውን በነጠላ ሸፈኑ።

መናኸሪያው ላይ ለአባቴ ደወልኩ። «ታውቅ ነበር?» አልኩት። ምኑን ብሎ አልጠየቀም። «እናትሽ አደራ አትንገራት ብላኝ ነው» አለ። አዲስ አበባ የሚል መኪና ፊቴ ቆሞ ነበር። እኔ ግን ድስቱን አቅፌ ዱራሜ የሚለው ላይ ወጣሁ፣ ከዱራሜ ደግሞ ወደ ሀደሮ።

ሀደሮ ላይ የሸክላ ሠሪዎቹን ሰፈር ስጠይቅ ሰዎች በእጃቸው ሳይሆን በአገጫቸው ነው የሚያሳዩኝ። ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ቁልቁለቱ ላይ ነው። የእናቴን ስም ስናገር አንዲት ሴት ከደጃፏ ተነሳች። እጇ እስከ ክርኗ ጭቃ ነው። አማርኛዋ ውስጥ አንተና አንቺ ይቀላቀላሉ።

«የታደለች ልጅ ነህ?» አለችኝ። የእናቴ ታላቅ እህት ናት፣ አክስቴ አየለች። ፊቴን በጭቃማ እጇ ይዛ ብዙ አየችኝ፣ ግን አላለቀሰችም። ድስቱን ከፍቼ አኖርኩላት፣ የሆነውንም ሁሉ ነገርኳት። እየሰማች በጣቷ ቆርሳ በላች። ደጋግማ በላች። በመጨረሻ መሳቅ ጀመረች፣ ደስ የማይል ሳቅ።

«ዕድሜዬን ሙሉ ለእነሱ አታካና ድስት ሠራሁ» አለች። «ቀምሼው ግን አላውቅም ነበር። ጥሩ ነው ለካ።»

«አክስቴ፣ አሁን አገኘኋችሁ። ከአሁን በኋላ እየመጣሁ እጠይቃችኋለሁ» አልኳት።

እጇን ከድስቱ አወጣች።

«እናትሽን የሸኘኋት እኔ ነኝ። እህት የለኝም በይ ያልኳትም እኔ ነኝ። እሷ እየናፈቀችን ሞተች፣ እኔ እየናፈቅኳት አረጀሁ። ለምን ይመስልሻል? አንቺ እንደ ሰው ከሰው ጋር እንድትበዪ ነው። አንቺ ገበያ መሐል ቆመሽ በአንድ ቀን ጨረስሽው።»

«አላውቅም ነበር።»

«አለማወቅሽ ነበር ሀብትሽ» አለችኝ። «አሁን ሂጂ። ማንም ሳያይሽ ሂጂ። ሲጠይቁሽ የአባትሽን አገር ብቻ ንገሪያቸው። እዚህ ተመልሰሽ አትምጪ።»

በአንድ ቀን ከሁለት ቤት ተባረርኩ። አንደኛው ስለሚጸየፈኝ፣ ሁለተኛው ስለሚወደኝ። የትኛው የበለጠ እንዳመመኝ እስከ ዛሬ መምረጥ አልቻልኩም።

ታምራት ብዙ መልእክት ላከ፣ ከዚያ አቆመ። አግብቷል ብለውኛል። ወይዘሮ ዘነበች ግን አንድ ቀን ደወሉልኝ። እያለቀሱ ይቅርታ ጠየቁኝ፣ ስለ እኔ ሁልጊዜ እንደሚጸልዩ ነገሩኝ። «አሁን መጥቼ ብሠራ ይበላሉ?» ብዬ ጠየቅኳቸው። «ጌታ ይርዳኝ» አሉ። ስላልዋሹኝ አከብራቸዋለሁ። ይቅር ማለት ግን እስካሁን አልሆነልኝም፣ አስተምረው መልሰው ከናቁት እጅ ጋር በየቀኑ ስለምውል ይሆናል።

አንባቢዎቼ ሆይ፣ አክስቴን አልሰማኋትም። አሁን በምሠራበት ቤት አታካና እሠራለሁ። ከሆሳዕና፣ ከሞርሲቶ፣ ከዱራሜ የመጡ ሰዎች አገራቸው ሲናፍቃቸው እየመጡ ይበላሉ። «ማነው የሠራው?» ብለው ያስጠሩኛል፣ እጅሽ ይባረክ ይሉኛል። እኔም ጠረጴዛቸው አጠገብ ቆሜ ያስተማረችኝ የሆሳዕና ሴት እንደሆነች፣ የእኔ አያት ግን የሀደሮ ሸክላ ሠሪ እንደነበረች እነግራቸዋለሁ። የቤቱ ባለቤት ደንበኛ አታባርሪብኝ ብሎ ሁለት ጊዜ አስጠንቅቆኛል፣ አንድ ቀን ከሥራ ያስወጣኝ ይሆናል። ግድ የለኝም። ማንኪያውን አስቀምጦ ሒሳብ የሚጠይቅ አለ። ሰምቶ እንዳልሰማ የሚበላ አለ። አንድ ወጣት ልጅ ጨርሶ በልቶ ድገሚኝ ብሎኛል፣ እሱን አልረሳውም። የሚያስቀምጡት ግን አሁንም ይበዛሉ።

ከእናንተም አንዳችሁ አንድ ቀን እዚያ ቤት ትገቡ ይሆናል። አታካናው ይቀርብላችኋል፣ ይጣፍጣችኋል፣ ታስጠሩኛላችሁ። እኔም መጥቼ እነግራችኋለሁ። ከዚያ በኋላ ስለ ሰው ልጅ እኩልነት የምትሉትን አልሰማም። ቆሜ እጃችሁን ነው የማየው።